ጀርባውን ገልብጬ

ከፒያሳ ወረድ ብሎ፣ ከደረጃው በታች፣
ሱቄ ክንድ ተኩል፣ ግንብ ተደግፋለች፤
ካቻቢቴ፣ መብራት፣ የጥርስ ብሩሽ፣ አልኮል፣
በቆርኪ የሞላ ብሎን የጤፍ ያህል።

ሊሸጥ የመጣ ሰው ፊት ፊቱን ያሳያል፣
«ስክሪኑን እየው እንጂ፣ እንደ ምንጭ ይጠራል!»
እሺ ብዬ ሰምቼ፣ ጀርባውን ገልብጬ፣
አምፖሉ ስር አዘነብላለሁ ተቀምጬ።
ስልክ እንደ በቅሎ ነው፤ ጥርሱን ቢያሳዩህም፣
የጭነቱን ነገር ጀርባው አይደብቅህም።

ይማም ሚኒባስ ይነዳል፣ ኮምቦልቻ ደሴ፣
ከኋላው ስቀመጥ ትጨነቃለች ነፍሴ።
ስልኩ አብረቅራቂ ነው፣ ጥቁር እንደ ኩሬ፣
ሐረጎን አወቅሁት ጭረቱን ቆጥሬ፤
በየመታጠፊያው ከዳሽቦርድ ተንከባሎ፣
ሳንቲምና ቁልፍ ላይ ይተኛል ተንጋሎ።
ጉም ከጦሳ ወርዶ መንገዱን ሲሞላው፣
ያ ጀርባ ንጹሕ ነው፤ ምንም አልነካው።
አራት ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐይ ስትወረውር ጨረሯን፣
ከየት መጣች ሳትባል ሸረሪት ታደራለች ድሯን፤
ከዚያ ላይ አሻራው፣ የቁርሱ ፉል ዘይት፣
ሁሉም ደጅ ላይ ነው፤ ጓዳ የለው ይህ ቤት።
እንዲህ ያለው ይቀላል፤ በጥርስ ሳሙና ባሸው፣
ስስ ስሱ ይሸሻል፣ ጥልቁ ነው የማይሸሸው።
ይማም ይስቃል፦ «ተወው፣ ነገም ሐረጎ አለ፤
መንገዱ ራሱ መቼ ጭረት ጎደለ!»

በኅዳር አንድ ቀን፣ ማክሰኞ ይመስለኛል፣
(ስልኩን አስታውሳለሁ፣ ቀኑ ይጠፋኛል)
መፍቱሃ መጣች፣ ከኮምቦልቻ፣ ከጨርቃጨርቅ፤
ስልኳ ድብዝዝ ያለ፣ ማት፣ የማያብረቀርቅ።
ጥፍሬን ብስብበት ዝም፣ ብጭረውም ዝም፣
ዘይትም ሳንቲምም ስም አልተወበትም።
«ከላስቲኩ ከወጣ ወር እንኳ አልሞላው።»
ዓይኔ አምኗት ነበር፤ ጣቴ ነው ያልሰማው።

ታች፣ ከጠርዙ ላይ፣ ትንሿ ጣት የምትሸከምበት፣
የስሙኒ ያህል የሚያበራ ነጥብ አለበት።
ሌላው እንደ ጉም ነው፤ እሱ ግን ይስቃል፣
ጎንበስ ብዬ ሳየው ፊቴን ያሳየኛል።
ማት ሲያልቅ ያበራል፤ ይህ ነው የሱ ነገር፣
በያዘው እጅ ልክ ይለሰልሳል፣ ቀስ ብሎ፣ ሳይናገር።
ላድሰው ብል ደግሞ፣ በፈተግኩት መጠን፣
ነጥቡ ይሰፋል እንጂ አይመልስም ጊዜውን።

«ሦስት ዓመት ይዘሽዋል» አልኳት፣ ሳልጠነቀቅ።
ዓይኗ ከነጥቡ ላይ እምቢ አለ መላቀቅ።
«ሌሊት ነው ተራዬ፤ ማሽኑ ሲያጓራ፣
ጆሮ ዋጋ የለውም፣ ስልክም ቢጣራ፤
ክር ስቀጥል በቀኜ፣ በግራ ይዤው አድራለሁ፣
ንዝረቱ ከመጣ በጣቴ እሰማለሁ።»
ማን እንደሚደውል ግን አልነገረችኝም፣
ደውሎ እንደሁ እንኳ እኔም አልጠየቅሁም።

እንደ ደንቡ ቢሆን ሦስት መቶ ብር ይቀነሳል፣
ነጥብ ያለው ዕቃ ሱቅ ውስጥ ይከርማል።
የከፈልኳትን ለይማም እስካሁን አልነገርኩ፤
ስልኩ መሳቢያ ውስጥ ነው። ጠያቂ ነበር፤ አልሸጥኩ።

ባለፈው፣ ለመታወቂያ፣ ቆሜ ከጠዋቱ፣
ተራዬ ሲደርስ «ይጫኑ» አለች ልጂቱ።
ተጫንኩ። ማሽኑ እምቢ። ጠረግሁ። እንደገና።
«ጋሼ፣ ጣትዎ መስመር የለውም» አለች ብላ ቀና።
አሥራ አንድ ዓመት አልኮል፣ አሥራ አንድ ዓመት ጨርቅ፣
የሰው ጭረት ስፈትግ፣ የራሴው ጣት ሲያልቅ።
ወደ መስኮቱ ዞሬ አዘነበልኩት እንደ ስልክ፤
ያበራል፣ ለስላሳ፣ የለውም የማንም መልክ።
«ሌላ ጣት ይሞክሩ።» አመልካቼም ዝም፣ መሃሏም ዝም።
ትንሿ አለፈች።
እሷ ምንም ይዛ አታውቅም።