ሁለት ዙር መልስ

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ ሳሱዎሎ ጭጋግ ለብሳለች፣
ርብቃ ከእናቷ ቤት መኪናዋን አቅፋ መጥታለች።
ጫማዋን ሳታወልቅ፣ ሰላምታም ሳትሰጠኝ፣
«አባ፣ ይጮሃል እንጂ አይሄድም» አለችኝ።

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፍኩ፣
የኋላ ጎማዎቹን በመዳፌ ጨብጬ ያዝኩ።
«ነዳጅ ስጪ» አልኳት፤
ነዳጅ የለው፣ ባትሪ ነው፤ ቃሏን ግን እንዲያው ለመድኳት።
ሪሞቱን ጫን ስታደርገው ሞተሩ እሪ አለ፣
ጎማው እጄ ውስጥ እንደተኛ ድመት ዝም እንዳለ።
አፍንጫው ከጋዜጣው ቀና ማለት ነበረበት፤
አላለም። ሽታ መጣ፣ የተቃጠለ ነገር ያለበት።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ።
ዓይኔን ሸፍነው ቢያሸቱኝ እለየዋለሁ።
አሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ከተማው ሞጆ፣
ከኤንትሬው ሆድ ሥር፣ ከጋሽ ወዳጆ።
«ሸራው ነው» ይለኝ ነበር፣ «አፍንጫህን እመነው፤
ሞተር ሲጮህ ጉልበት ይመስላል፤
ጎማ ጋ የማይደርስ ጉልበት ግን ጩኸት ነው።»

ካቻቪቴ አመጣች፤ አራት ብሎን ፈታን፣
ከማርሹ ጥርስ መሃል የሣር ቅንጣት አወጣን።
በዳዶ፣ በሞላ፣ በኩሽኔታ መሃል
ሦስት ትናንሽ ሸራ፣ እያንዳንዱ ጥፍሬን ያህል።
አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳሁት፣
እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፤ በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት።
«አምሯል እኮ!» አለች።
ሲያልቅ ነው የሚያምረው፤ ሥራው ሌላ ነበር፣
ሻካራው ነው የሚይዝ፣ ሻካራው ነው የሚያስር።

ጥፋቱ የኔ ነው።
በፊት አጠበቅኩት፤ ሁለት የማርሽ ጥርስ ረገፈ።
ደንግጬ አላላሁት፤ ሸራው ነደደ፣ አለፈ።
ሁለቱንም አድርጌያለሁ፤ ይህች ዳዶ ትመስክር።
ሌላም ቦታ አድርጌዋለሁ፤ እሱ ግን ዛሬ ይቅር።

ሱቁ እስከ ሰኞ ዝግ ነው፤ ምድር ቤት ወረድን ወደ ኦሬስቴ፣
የሸክላ ፋብሪካ መካኒክ የነበረ ጎረቤቴ።
ጣልያንኛዬ በማዘጋጃ ቤት መስኮት ፊት ይደናቀፋል፣
መፍቻ ሲያዝ ግን ምላሴ የት እንደተማረው ያውቃል።
«ዳዶ» አልኩ፣ ዳዶ አነሳ። «ሞላ» አልኩ፣ ሞላ ሰጠኝ።
«ፍሪሲዮን» ስል ሳቀና «ፍሪትስዮኔ» ብሎ አረመኝ።
«ቋንቋውን የት ለመድከው?» ብሎ ሲጠይቀኝ
«ሞጆ፣ ከኤንትሬ ሥር» ስለው ባርኔጣውን አወለቀልኝ።

አዲስ ሸራ የለውም። ከወይን ጠርሙስ ቡሽ ነቀለ፣
በምላጭ ሦስት ቦታ ቆርጦ «ሰኞን ያደርሳል» አለ።
ብረቱን በአልኮል ጠረግነው፤ ቅባት ካለ ሁሉም ከንቱ፣
«የጣትሽ ወዝ ይበቃዋል» አልኳት ለልጅቱ።
ከዚያ ዳዶዋን ሰጠኋት፦ «እስከ መጨረሻው አጥብቂ፣
አሁን ሁለት ዙር መልሺ፤ እጅሽን አንሺና ጠብቂ።»

«የሚላላ ከሆነ ለምን ጠበቀ?»
ኦሬስቴ እንኳ ሳይገባው እኔን እያየ ሳቀ።
«ጎማው ድንጋይ ሲመታ አንዱ መሸነፍ አለበት፤
ሸራው እምቢ ካለ ማርሹ ነው ጥርሱ የሚረግፍበት።»
«እንዲንሸራተት ነው የተሠራው?»
«ሲነሳ ብቻ። ክንድ ያህል። ከዚያ መያዝ ነው ሥራው።»

ፋብሪካው ጓሮ፣ ከሰድል ክምር አጠገብ ሞከርነው፤
ዚ... አለና ያዘ። ዚ... አለና ያዘ። እስኪመሽ ሰማነው።

አመሻሹ ላይ እናቷ በፑንቶዋ መጣች፣
ዳገቱ ላይ ሞተሩ እየጮኸ እሷ ቀስ እያለች።
መስኮቷን አወረደች። ሽታው ቀድሟት ደረሰ።
ልናገር ከፈትኩት፤ አፌ ሁለት ዙር መለሰ።
ርብቃ ከኋላ ወንበር አፍንጫዋን አሹላ
«እማ፣ ሸራሽ ነው!» አለች፣ የጋሽ ወዳጆን ቃል አክላ።
እናቷ ወደ እኔ ዞረች፤
«ሰኞ ላምጣልህ ይሆን?» አለች።
እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ፤ ፑንቶዋ
አንድ ክንድ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣
ያዘች፣
ሄደች።