ሆዱን ነው የማውቀው

ሂርማታ ገበያ፣ ከአናጢዎች ተራ፣
ናስር አባመጫ ቦምብ ጣይ ሠራ፤
ሦስት ክረምት ሙሉ፣ ትእዛዝ እየገፋ፣
በሰጋቱራ ሥር የሙሽሮች አልጋ እግሩ እስኪጠፋ።

ልኩ አንድ ለሃያ፣ ክንፉ ጥርብ ዋንዛ፣
ሦስት ሞተር አለው፤ ሽቦው የብስክሌት፣ ከአጂፕ የተገዛ፤
መስኮቱ ራጅ ፊልም፤ ፀሐይ ሲያርፍበት
የማን እንደሆነ ማንም ያላወቀው የጎን አጥንት አለበት።

አደ ዘምዘም መጡ፣ በምርኩዝ ቀስ ብለው፣
ጀርባውን፣ ጭራውን፣ አፍንጫውን ሳይቀር ዳበሱት ደጋግመው።
«አላውቀውም» አሉ።

ናስር ፊቱ ጠቁሮ ፎቶውን ሲያወጣ፣
«ጀርባውን ማን አየ፣ በላያችን ሲመጣ?
እኔ ሆዱን ነው የማውቀው። እስቲ አንሡት።»

እኔና ናስር ክንፍና ክንፉን ይዘን
እስከ ማገሩ ድረስ ወደ ላይ አነሣን።
ከሥሩ ተቀመጡ፣ ሰጋቱራው ላይ፤
አንጋጠው ዝም አሉ፤ ዝናብ የሚወርድበት ቆርቆሮው ነው ሰማይ።
እጃቸው ሳያውቁት ጆሯቸውን ያዘ፤
«እሱ ነው» አሉ፤ ድምፃቸው ፈዘዘ።

ክንዳችን ዝሏል፣ ይንቀጠቀጣል፤
እሳቸው ላይ ግን ማን ያወርደዋል?