አሥራ አንድ ደቂቃ መሬት

ካሴቷን በፌስታል ጠቅልላ አመጣች፣
ጠረጴዛዬ ላይ ቀስ አድርጋ አኖረች።
ዘምዘም ይመር ናት፤ ሠርጓን ያነሳሁት
በዘጠና ስድስት፣ ሆጤ፣ የካቲት።
"ያኔ የሰጠኸኝ ዲቪዲ ተጫረ፤
ደህና ሳለም ውስጡ አባቴ አልነበረ።
ሲመርቀኝ ነበር፤ ድምፁ የታል?" አለች።
"ካሴቱ ላይ ይኖራል" አልኩ። ቆየችና ሄደች።

ማታ ነው። ከጦሳ የወረደው ጉም
ከፒያሳ መብራት አንዱንም አልተወም።
ካሜራዬን ከሣጥን ጎትቼ አወጣሁ፤
ባትሪው እንደታመመ ጉንጭ አብጧል፣ ከሶኬት አስገባሁ።
ሽቦዋን ፈለግሁ፣ ባለ አራት ጥርሷን፣
ደሴን ቢያስሱ ዛሬ የማይገኝ እህቷን።

ሰካሁ። መሣሪያ አልተገኘም።
ነቀልኩ፣ ነፋሁባት፣ ሰካሁ። መሣሪያ አልተገኘም።
ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሳሁ፣
ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ቤት አጓራ፤
መሣሪያ አልተገኘም።
ፊቱ ተቀምጣ! ገመዷ ተዘርግቶ!
ኋላ ነው ያየሁት፦ ቁልፏ "ቅረጽ" ላይ ነች፣
ወደ "አጫውት" ሳትዞር መች ለሰው ትታያለች።
የጀማሪ ስህተት፣ ሃያ ዓመት ሠርቼ፤
አዞርኳት፣ ብቻዬን ሳቄን ተጋግሬ።

አያት። ሰማያዊው መስኮት ተከፈተ።
ምስሉ ግን እንደ ወደቀ ሸክላ ተሰባብሯል፣
የሙሽሪት አገጭ ሚዜዋ ትከሻ ላይ በቅሏል።
የካሜራዋ ጭንቅላት ቆሽሿል።
ጥጥ አይሆንም፣ ክር ይጥላል፤ የመነጽሬን ጨርቅ
በአልኮል አራስኩና ትንፋሼን ውጬ
እንደ ሕፃን ዓይን ጠረግሁት።
መብራት ሄደ።
መጣ።
እንደገና ከመጀመሪያው።

ሃያ ሦስት ደቂቃ በሰላም ተቀዳ፤
ሃያ አራት ሲል ቆመ። ምስል ጎድሏል፣ ቀረጻው ተቋርጧል።
መለስኩት፤ እዚያው ላይ ቆመ።
በሦስተኛው ካሴቱን አውጥቼ ብርሃን ላይ ያዝኩት፦
ሪባኑ ተጨማዷል፣ እዚያች ቦታ ብቻ፤
ያኔ ስቆርጥ ስቀጥል፣ ወደፊት ወደኋላ
ስረግጣት ያደርኩት የገዛ አውራ ጣቴ።

ሶፍትዌሩ ጓዳ አንዲት ምልክት አለች፣
"ምስል ሲጎድል አቁም" የምትል፣ ያላየኋት የነበረች።
አነሳኋት።
ጎደለም፣ ዘለለም፣ ዝም ብለህ ቅዳ።

መሬት መጣ።
የሚወዛወዝ መሬት። ሣር። የለስላሳ ቆርኪ።
የዳሱ ካስማ። ደግሞ የኔ ጫማ።
አጠፋኋት ብዬ የከፈትኳት ለካ!
ቀይ መብራቷን ሳላይ፣ ካንገቴ አንጠልጥያት
አሥራ አንድ ደቂቃ መሬት አንስቻለሁ፤
"ቆሻሻ" ብዬ ነው ያኔ የጣልኩት።

ከመሬቱ በላይ፣ ከማይታይ ቦታ፣ የአባ ይመር ድምፅ፦
"ልጄ፣ በርሽን የሚያንኳኳ አይጥፋ፤
እንደ ቦርከና ሁኚ፣ በበጋም አትንጠፊ፤
የተጣላ ቤትሽ ገብቶ ታርቆ ይውጣ፤
ጉድለትሽን የማይቆጥር ይስጥሽ።"
"አሚን!" ይላል ዳሱ። "አሚን!"

ማይኳ ግን ለኔ ነው የምትቀርበው።
ከምርቃቱ በላይ አንድ ድምፅ ጎልቶ፣
ሃያ ሁለት ዓመቱ፣ የራበው፣ የቸኮለ፦
"ምግቡ በየት ነው? ባትሪዬን ለሽማግሌ አላቃጥልም።"

ሁለት ሰከንድ ናት። መቀሱን አነሳሁ፤
አንድ መስመር እዚህ፣ አንድ መስመር እዚያ።
ድምፄ የወደቀው ግን አንዱ አሚን ላይ ነው፤
እኔን ካወጣሁኝ እሱም ይወጣል።
አንዱ አሚን ቢቀር ማን ያውቃል?
አስቀመጥኩ፣ አነሳሁ፣ አስቀመጥኩ።
የንጋት አዛን ሲሰማ
እንዳለ ቀዳሁት።

ረፋድ ላይ መጣች። ማዳመጫውን ሰጠኋትና
ወደ መንገዱ ዞርኩ። ባጃጆች። ጉሙ ገና አልለቀቀም።
አሥራ አንድ ደቂቃ
ጀርባውን ሰጥቶ ለሚጠብቅ ረጅም ነው።

አወለቀችው። ገመዱን ጣቷ ላይ
እየጠቀለለች፣ እየፈታች ቆየች።
"የግራ ጫማህ ክር" አለችኝ፣
"ተፈቶ ነበር።"