መሀል ድምፅ

በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል ባገሬ፤
የማናማ ጥቅምት ላብ ነው እስከ ዛሬ።
ብርዱን የሚሠራው ግድግዳ ላይ ያለ
ሳጥን ነው፣ ቀን ከሌት ሲያጓራ የዋለ።

ዓርብ የኔ ቀን ናት፣ ከዘጠኝ እስከ ሦስት፤
አውቶቡስ ያወርደኛል ከባንኩ ፊት ለፊት።
ከልብስ ሰፊው በላይ አንድ ፎቅ ወጥቼ፣
ፕላስቲክ ወንበሬን ከጥጉ ጎትቼ፣
"አልቶ" እባላለሁ።

ቤት ውስጥ ማርያም ነኝ። ብርቅነሽ የሚለው
ለእመቤቴ ምላስ ዳገት ነው፣ ከባድ ነው።
እዚህ ግን በድምፄ ይጠሩኛል ሁሉ፤
"አልቶ፣ ዝቅ! አልቶ፣ ቆይ!" እያሉ።

መምህሩ ቫርጌስ ነው፣ ያገሩ ስም ኬረላ፤
ቀን የሲሚንቶ ቤት ሒሳብ የሚሠራ፣
ማታ በአንድ እርሳስ ሠላሳ ሰው የሚመራ።
ፒያኖ የምትመታው ሊጋያ ናት፣ ነርሷ፤
ጣቶቿ ንቁ ናቸው፣ ብታንቀላፋም ራሷ።
ከባሶቹ ግማሹ ሾፌር፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም፤
ቴኖር ሁልጊዜ ሁለት ነው፣ ሦስተኛው አይመጣም።

ኖታ አላውቅም እኔ።
አምስት የልብስ ገመድ፣ ካልሲ የተሰጣበት፤
ወረቀቱን ብገልጠው ሥራዬን አገኘሁበት።

ግን ልጅ ሆኜ፣
ከአጥሩ ወዲህ ቆሜ ጎመን ስቀነጥስ፣
ከአጥሩ ወዲያ ተማሪ ዜማ ሲያፈርስ፣
አባቴ መሪጌታ "ድገም!" ሲል፣ ሲያስመልስ፣
ጆሮዬ ተምሯል። ድፋት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ይዘት፤
ለሴት አይነገር እንጂ አይከለከልም መስማት።

ታዲያ በኅዳር አንድ ዓርብ እርሳስ ተዋስኩና
ከካልሲዎቹ በላይ ጻፍኩት እንደገና፤
ድምፁ የሚወርድበት ላይ ድፋት፣
የሚቆይበት ላይ ይዘት።
ቫርጌስ ከኋላ መጣ። እጄን ጫንኩበት።
"ምንድነው?" አለኝ። "ምልክት።"
"የማን?"
"የአባቴ።"
መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ፤
ብዙ ጊዜ ምንም አላለ።
ከዚያ ወረቀቴን ይዞ ደረጃውን ወረደ፣
ከልብስ ሰፊው ጎን ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት
ስድስት ቅጂ ይዞ መጣ፣ ገና ትኩስ ወረቀት።
ለጎዋዋ፣ ለሴቡዋ፣ ለኮሎምቦዎቹ እኅትማማች
አደለና፣ "ዪዛት!" አለ፤ "እዚህ ጋ ማንም አትተንፍስ፣ አልቶዎች!"

ታኅሣሥ አሥር ማታ፣ የትምህርት ቤት አዳራሽ።
ባሕሩ ቀዝቀዝ ብሏል፤ ሰው ሁሉ ሹራብ ለባሽ፣
ዓመት ሙሉ ሻንጣ ያደረ፣ የብል መድኃኒት የሚሸት።
መድረኩ ጥግ የጥጥ በረዶ፣ አንድ ልጅ የሚነጭበት።
ሶፕራኖዎቹ ወጡ፣ ጣሪያውን ነኩት መሰለኝ፤
እኛ ወለል ነን፤ ወለልን ማን አይቶ ያመሰግነኝ?
ያ ቦታ ሲደርስ ግን
ስድስታችን ያዝነው።
ሌላው ሁሉ ዝም ሲል፣ እኛ ብቻ ያዝነው።
የጣሪያው ሳጥን እንኳ በዚያው ድምፅ አጓራ፣
ሰባተኛ አልቶ ሆኖ፣ ከኛው ጋራ።

የነሱ ገና በዚያች ማታ ተዘመረ፤
የኔ ገና ገና ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን ቀረ።
ሊጋያ ኬክ በሶፍት ጠቅልላ ብታቀብለኝ
ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዓሣው ሥር፣ ደበቅኩት ለሃያ ዘጠኝ።

ሃያ ዘጠኝ ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ የኔ ቀን አይደለም።
ኬኩ ዓሣ ዓሣ ይላል፤ በላሁት፣ ግድ የለም።
የጌታዬን ነጭ ልብስ ስተኩስ
ድምፄን ሳላውቀው ለቅቄው ኖሯል፣ ለስለስ።
ሸይማ መጣች፣ ስምንት ዓመቷ፣ እግሯ ባዶ።
"ምን ዘፈን ነው? አላውቀውም።"

ማን ያውቀዋል? አልቶ ለብቻው ሲሆን
መልስ ብቻ ነው፣ ጥያቄው የጠፋ፤
አንድ ቦታ ቆሞ፣ ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያለ የሚለፋ።
"መሀሉ ነው" አልኳት።
"ላዩስ?"
"ላዩ ሰዎች ጋ ነው፤ ዓርብ ነው የሚገናኘው።"

አሰበች። ከመተኮሻው ጠረጴዛ ሥር ገብታ ተቀመጠች፤
"ድገሚው" አለች።