ወሰን ገፊ

ደብረ ብርሃን፣ ሌሊቱ ቆፈን ነው፤
የቧንቧው ውሃ በረዶ ሆኖ፣ ፀሐይ ስትሞቅ ነው የሚፈታው።
ጋቢዬን ደርቤ፣ ጣቴን በትንፋሼ እያሞቅሁ፣
ከኮምፒውተር ፊት ስንት ሌሊት ነጋ፣ እኔም ቁጥሩን ረሳሁ።
ሰማዩን አላየውም፤ ጉም ወርዶ ዘግቶታል፤
የያዝኩት ዝርዝር ነው፣ ሳተላይት የላከው፣ ኮከብ ሰፍሮበታል።
ይህ እዚህ ነበረ፣ ዛሬም እዚህ አለ፤
ያኛው ግን ከአምናው ላይ ትንሽ ፈቀቅ አለ።
ትንሽ ማለት፣ እንጃ፣ እንዴት አድርጌ ላስረዳ፤
አንዲት ስሙኒ ጠፍታ፣ ጨረቃ ላይ ወርዳ፣
አንድ ሰው ከዚህ፣ ከበሬሳ ድልድይ ቆሞ ቢፈልጋት፣
የወርዷን ያህል ነው፤ አንዳንዴም ከወርዷ የሚያንስ ልኬት።

አባቴ ቀያሽ ነበረ።
ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ በትከሻው፣ ቱምቢውን በኪሱ ይዞ የኖረ፣
ከይፋት ቆላ እስከ መንዝ ሰው በወሰን ሲካሰስ
«ላቀው ይምጣ» የሚባል፤ ላቀውም የሚደርስ፣
ዘግይቶ፣ በእግሩ፣ ሰው ሁሉ ተሳድቦ ሲጨርስ።

አንድ ክረምት፣ ከጣርማ በር ግርጌ፣ እማዋይሽና ዘርጋው
ተያያዙ። «ድንጋዩን ገፍቷል፤ ሦስት ክንድ መሬቴን በላው!»
«ልጄን ይንሳኝ፣ ነክቼ ከሆነ!» ብሎ ዘርጋው ማለ፤
በርስት ቀልድ የለም፤ ጎረምሳው ሁሉ ሽመል ይዞ ተኮለኮለ።
አባቴ ምንም አላለ።
ገደሉን ተሻግሮ፣ ማዶ ካለው ጥቁር አለት ላይ ወጣ፤
መሣሪያውን ተከለ፤ ቱምቢው ዝም እስኪል ድረስ ጠበቀ፣ ሳይቆጣ።
የተከሰሰውን ድንጋይ ለካ። እውነት ነው፣ ሄዷል።
ሰው «እሰይ!» ሲል፣ «ቆይ» አለና ሾላውን ለካ። እሱም ሄዷል።
የትምህርት ቤቱን ባንዲራ መስቀያ፣ የመቃብሩን አጥር፣ የወፍጮ ቤቱን በር፣
ማንም ያልከሰሰውን ሁሉ፣ ከአሥር ዓመት ደብተሩ ጋር ሲያነጻጽር፣
አንዱም በቦታው አልነበር።
ሁሉም ወደ ገደሉ፤ የታችኛው ብዙ፣ የላይኛው ጥቂት፣
የተማከሩ ዓይነት።
ተሻግሮ መጣና እንዲህ አለ፦ «ወሰን ገፊ የለም።
አገሩ ነው የሄደው። እዚህ ከእንግዲህ አይከረምም።»
ዘርጋው መሬት ላይ ተቀመጠ።
የእማዋይሽም ድምፅ ተለወጠ፦
«ምነው ሌባ በሆነ፤ ሌባ እኮ ይያዛል።»

እኔም አሁን የምለካው ያልተከሰሰውን ነው።
አንድ ኮከብ ቢሸሽ ወሬ አይሆንም፤ መንገደኛ ነው፣ የራሱ ጉዳይ አለው።
ግን ሁሉም ቢሆኑስ? በአንደኛው የሰማይ ገጽ ተጠጋግተው፣
በሌላው ተራርቀው፣
ደግሞ ከዓመታት በኋላ፣ የተጠጋው ሲሸሽ፣ የሸሸው ሲጠጋ፣
ያኔ ከዋክብቱ ነፃ ይወጣሉ፤ የስበት ሞገድ ነው፣ በእኛ በኩል ሲያልፍ ቀጥ ያለውን ሁሉ ያናጋ።
ሩቅ፣ ስም በሌለው አገር፣ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች እንደ ኮርማ ተፋጠው
ሲዞሩ፣ ሲዞሩ፣ ክብደታቸው ነው ቦታን ራሱን የሚንጠው።
ቀስ ብሎ ነው ታዲያ፤ አንዱ ማዕበል መጥቶ እስኪመለስ
የተፀነሰ ልጅ ይወለዳል፣ ፊደል ይቆጥራል፣ ዳዊት እስኪደርስ።

ትናንት አባቴ ደወለ፣ ከደብረ ሲና።
«ተገኘ?» አለኝ፣ እየጮኸ፣ ጆሮው ደክሟልና።
«አልተገኘም። ከዚህ አይበልጥም ማለት ነው የቻልኩት፣ እስከ ዛሬ።»
«እሱም ልኬት ነው።» ጥቂት ዝም ብሎ፦
«መሣሪያሽን የተከልሽበት አለትስ? እሱ አይሄድም፣ ልጄ?»
ዝም አልኩ፣ ስልኩን ይዞ ቀረ እጄ።
አባቴ ማዶ ነበረው፣ ገደል ተሻግሮ የሚቆምበት።
እኔ ማዶ የለኝም፤ ሞገዱ ሲያልፍ ምድርም፣ ሳተላይቱም፣ ዓይኔም አሉበት።
«ይሄዳል፣ አባባ። እሱም አብሮ ይሄዳል።»
ረጅም ዝምታ። ሳል። ከዚያ ሲስቅ ይሰማኛል፦
«እንግዲያስ ሁሉንም ለኪ፤ አንድም እንዳታስቀሪ።»

ጉሙ እንዳለ ነው። ቧንቧው ጠብ አላለም።
የሚቀጥለውን መቶ ሺህ ከፈትኩ፤ ማንም አልከሰሳቸውም።