የአራተኛ «ለ» ግድግዳ

ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሲያልቅ፣
አስፋልቱ «በቃኝ» ብሎ ቦታውን ለጭቃ ሲለቅ፣
እዚያ ነን እኛ፤ አጥራችን ቆርቆሮ፣
ደወላችን የኢሱዙ ቸርኬ፣ በሽቦ ታስሮ።

አማርኛ አስተምራለሁ፤ እንግሊዝኛም እንደምንም እሞክራለሁ፤
ስለዚህ የቤተ ክርስቲያን ቡድን ከባሕር ማዶ ሲመጣ አፋቸው እሆናለሁ።

መጡ። አሥራ አራት ናቸው፣ አንድ ዓይነት ካናቴራ ለብሰው፣
አፍንጫቸውን ለፀሐይ ነጭ ቅባት ለውሰው።
ፊኛ ተነፋ። ሁለቱ ፈነዱ፤ ትንንሾቹ አለቀሱ፤
ከረሜላው ሲታደል ደግሞ ሁሉንም ረሱ።

ከዚያ ቀለም ተከፈተ፣ ስድስት ጣሳ ቢጫ።
ዘበኛው ጋሼ ቱፋ አጠገቤ መጥቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
«ይህ ግድግዳ ታድሏል» አለኝ፣ በጋቢው ጫፍ ሳቁን ሸሽጎ።
«ዓምና የመጡት አረንጓዴ ቀቡት፤
ካቻምና ሰማያዊ ነበር፣ ስማቸውንም ጻፉበት፤
ከዚያ በፊት ሮዝ፤ የነማን እንደሆነ ረሳሁት።
የእኔ ደሞዝ ሳይወፍር እሱ በቀለም ወፈረ፤
ምስማር ወስደህ ብትፍቀው እንደ ሽንኩርት የተደረደረ።»

ጣሪያው ያፈሳል። ጣሪያ ግን ለፎቶ አይመችም፤
ብሩሽ ይዞ ሥሩ ሊስቅ የሚቆምም የለም።
ይህን አልተረጎምኩም። የተረጎምኩት ሌላ ነው፦
«እግዜር ይስጥልን፤ ደስታችን ልክ የለው።»

ከምሳ በኋላ ክፍል ገቡ።
ፊቷን ጠቃጠቆ የሞላው አንዲት ወጣት
ሲሚንቶው ላይ ተንበርክካ ጠየቀች፣ እኔም ደገምኩላት፦
«ስታድጉ ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?»

መልሱን ያውቁታል፤ በየዓመቱ የሚጠየቁት ነው።
«ሐኪም።» «ፓይለት።» «ሐኪም።» «መሐንዲስ።»
ጭብጨባው የሚያፈሰውን ጣሪያ መታው።

ኩለኒ ተራዋ ደረሰ። ከኋላ ወንበር ተነሣች፤
በማባዛት አንደኛ፣ በዝምታም አንደኛ ነች።
ቢጫ ቀለም ጥፍሯ ላይ ደርቋል።
«እኔ» አለች፣ «እንግዳ መሆን እፈልጋለሁ።»

«የምን እንግዳ?» አልኳት።

«እንደነሱ። ስመጣ ልጆች የሚሰለፉልኝ፣
የምጠይቅ እንጂ የማልጠየቅ፣
ሲመሽ የምሄድ፣ መኪናም ውጭ የሚጠብቀኝ።»

ባለፈው ሳምንት ነው ሰሌዳው ላይ የጻፍኩላቸው፦
አድራጊ ግስ፣ ተደራጊ ግስ፤ ጠየቀ፣ ተጠየቀ።
ሌሎቹ ገለበጡት። እሷ ገባት።

«ምን አለች?» አለችኝ ወጣቷ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ።
አሥራ አራት ፈገግታ ፊቴ ላይ ተሰክቶ ቀረ፣ መልስ ቀጥሮ።

«ነርስ» አልኩ። «ነርስ መሆን ትፈልጋለች።»

አጨበጨቡ። አቀፈቻት። ኩለኒ በትከሻዋ በኩል እኔን አየች።
እንግሊዝኛ አታውቅም።
«ነርስ» የሚለውን ቃል ግን ታውቃለች።

አንዱ ሽማግሌያቸው ብቻ ክፍል አልገባም፤
የሴቶቹ መጸዳጃ በር መቀርቀሪያ እንደሌለው አይቶ
ቀኑን ሙሉ እሱን ሲያበጅ ዋለ፣ ኮፍያውን አጥር ላይ ሰቅሎ።
ጋሼ ቱፋ ምስማር ያቀብለዋል። እሱ ይመታል።
«እዚህ ጋ» ይላል አንዱ፤ ሌላው በራሱ ቋንቋ ይመልሳል።
እኔን አልጠሩኝም።

አሥር ሰዓት ላይ ኮስተሩ በሩ ፊት ጭቃ ውስጥ ሰመጠ፤
አራተኛ «ለ» በሙሉ፣ ኩለኒም ጭምር፣ ሊገፋ ሮጠ።
ጎማው ቆሞ ዞረ፣ ዞረና ጭቃውን ወደ ኋላ ረጨው፤
ያልደረቀውን ግድግዳ አምስተኛ ቀለም ቀባው።
ልጆቹ ከእግር እስከ ራስ ጠቁረው ሳቁ።
በመስኮት እጅ ተውለበለበ። ራቁ።

ሰኞ ጠዋት «ዐረፍተ ነገር ሥሩ» አልኩ፣
«ባለቤት ያለው፣ ግስ ያለው፣ አጭር።»
ማታ በሻማ ደብተር ሳርም የኩለኒ ላይ ደረስኩ፦

«ቲቸር ተረጎሙልኝ።»

ባለቤቱ ልክ ነው። ግሱ ልክ ነው። አራት ነጥቡም በቦታው።
ቀይ እስክሪብቶዬን ከፍቼ ብዙ ቆየሁ፤
ስህተቱን እዚያ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።