አርባ ምልልስ

ጦሳ ጉሙን ለቆ ሸዋበር ሲጨልም፣
ብረት ሁሉ ያብባል በዝገት ቀለም፤
የመስኮቱ ማጠፊያ፣ የወንበሬ እግር፣
የጎረቤት ሚዛን፣ የበሩ ላይ ቁጥር።
ይቺ ግን አትዝግም።
ደንበኛ ላሜታ እንጂ እሷን ባይጠይቅም፣
ኑግ ዘይት አጠጥቼ፣ ጠቅልዬ በጨርቅ፣
አስተኛታለሁ ማታ፣ ከካርቶኑ ራቅ።

የእብሬ ነበረች። ከአሰብ ተመላሽ ሾፌር ነው አሉ
የሸጠለት፤ ዋጋዋም የሁለት በግ ያህሉ።
እጀታዋ ቀንድ ነው፣ ጥቁር ከነጭ ያለው፣
ጫፉ ሲሰነጠቅ በሽቦ ያሰረው።

«ድንጋይ ከቦርከና» ይለኝ ነበር፣ «ልስልስ እንደ ጉንጭ፣
ጥፍርህን ስትጭርበት ዝም የሚልህ፣ ጭጭ።
አስተኝተህ ሳላት፣ ጀርባዋን አታንሳ፤
ጀርባዋን የናቀ ለአፏም አይሳሳ።
ከድንጋይ ስትነሳ ገና ጥጋበኛ ናት፤
ከበሩ መቃን ላይ ጠፍሩ ነው የሚያበርዳት።
ሞራ የጠጣ ጠፍር፣ ከምስማሩ ወጥር፤
ሂድ፣ ተመለስ፤ ሂድ፣ ተመለስ፤ አርባ እስክትቆጥር።
ጭርጭር ማለት ትታ ፍስስ ስትል ያኔ ነው።
ዓይን ያታልልሃል፤ ምላጭ የሚስለው ጆሮ ነው።

«ፂም እንደ ገብስ ነው፣ ነፋስ ያስተኛዋል፤
አንዱ ማሳ ቁልቁል፣ አንዱ ሽቅብ ይላል።
ጣትህ ሳያነበው እጅህ አይጀምር፤
ጉሮሮ ላይ ይዞራል፣ እንደ አውድማ በሬ ዙር።
ትኩስ ፎጣ ጣልበት፤ ቆዳውን ወጥር፤
የራሷ ክብደት በቃት፣ የአንተን አትጨምር።»

አንድ ክረምት፣ ማክሰኞ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲወቅር፣
አገኘሁት እብሬን በደንበኛ ወንበር።
ነጩን ጨርቅ ራሱ አንገቱ ላይ አስሮ፣
እጆቹን ከጨርቁ ሥር ደብቆ፣ ቀብሮ።
መንቀጥቀጣቸውን
እኔም አላነሳሁ፣ እሱም አልነገረኝ፤
«በል» ብቻ ነው ያለኝ።

ጠፍሩን ያዝኩ። ሂድ፣ ተመለስ። ላብ ጀርባዬን አራሰው።
ሠላሳ ስምንት ላይ ቆምኩ፤ ልቤ ነው ያነሰው።
ዓይኑን እንደ ጨፈነ፣ ሳይዞር፣ ሳይመለስ፣
«ሁለት ይቀርሃል» አለኝ፣ ቀስ።

አረፋውን ቀባሁት። ከጆሮው ሥር ጀምሬ፣
ገብሱን አጨድኩ ቁልቁል፣ ትንፋሼን ቆጥሬ።
ጉሮሮው ላይ ስደርስ፣ ምራቁን ሊውጥ ሲል፣
አነሳኋት፤ ዋጠ። ከዚያ እንደገና ቁልቁል።

ከአገጩ ሥር ግን አንዲት የደም ነጥብ ወጣች፤
እንደ በርበሬ ፍሬ ቀላች፣ ተንጠለጠለች።
«እዚሁ ጋ ነው» አለ፣ ሸቡን እየቀባ፣
«እኔም መምህሬን የጫርኩት፣ ለሰኞ ገበያ ባቲ ስንገባ።»
ሳቀ። ሳቄ አልመጣም።
ከዚያ እጁን አወጣ፤ መስታወት አልጠየቀም።
በሚንቀጠቀጥ ጣት ጉንጩን ሽቅብ ዳሶ፣
ደግሞ ወደ አገጩ ቀስ ብሎ ተመልሶ፣
ቆመ አንድ ቦታ ላይ።

«አንዲት ቀርታለች» አለኝ። «እዚህ፣ ከከንፈሬ ታች።»
ምላጯ ታጥባ፣ ደርቃ፣ ኑጓንም ጠጥታለች።
ጨርቁን ፈታሁ።
ጠፍሩን ያዝኩ።
አንድ። ሁለት።